«ባክቴሪያ ይበላዋል» ለሚሉ ሁሉ መልስ



በመካከላችን አንድ አባባል እየተለመደ መጥቷል። ስለ ፈሰሰ ድፍድፍ ነዳጅ፣ ስለ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ወይም መንገድ ላይ ስለ ተገለበጠ ቦቴ ወሬ በተነሣ ቍጥር አንዱ ብድግ ይልና «ምን ያስጨንቃችኋል? ባክቴሪያ ይበላዋል» ይላል። ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የተማረ ነው። ያልተማረውማ ዘይት የጠጣ መሬት ሣር እንደማያበቅል በዓይኑ ስላየ እንዲህ ብሎ አይናገርም።

ለዚህ አባባል መልስ ለመስጠት የተነሣነው ቃሉ ፈጽሞ ውሸት ስለ ሆነ አይደለም። ፈጽሞ ውሸት ቢሆንማ ኖሮ በቀላሉ ይጋለጥ ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። ግማሽ እውነት የሳይንስን ካባ ደርቦ ከጉባኤ ይቀመጣል፤ የቀረውን ግማሽ ግን ከበር ያስመልሰዋል። እኛ የምንለው እንዲህ ነው፤ ባክቴሪያ ነዳጅን ይበላል፤ ዳሩ ግን የሚበላው የሚተነፍሰው ነገር ሲያገኝ፣ ምግቡም ሲሟላለት፣ ጊዜም ሲሰጠው ነው። በቦታው ምን ያህል ኦክሲጅን እንዳለና ዘይቱ ምን ያህል ጠልቆ እንደ ወረደ ሳይለኩ «ባክቴሪያ ይበላዋል» ብሎ መሄድ ቸልተኝነትን የሳይንስ ስም ማውጣት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እውነቱ የቱ ነው?

ድፍድፍ ነዳጅ እንግዳ መርዝ አይደለም። በጥንት ዘመን በባሕር ሥር የተቀበሩ ጥቃቅን ሕያዋን ቅሬታ ነው። አብዛኛው አካሉ ካርቦንና ሃይድሮጅን ስለ ሆነ እንደ ጮማ ኃይል የታመቀበት ነገር ነው። ከምድር ስንጥቅ እየሾለከ ወደ ባሕር ሲፈስ ሚሊዮን ዓመታት ስላለፉት እርሱን መብላት የለመዱ ባክቴሪያዎች መኖራቸው ሊያስደንቀን አይገባም። አሜሪካዊው የባሕር ባክቴሪያ ሊቅ ክሎድ ዞቤል ገና በ1946 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ጉዳዩን በዝርዝር አስቀምጦታል። በሰሜን ባሕር ከምትገኘው ከቦርኩም ደሴት ስሙን ያገኘው አልካኒቮራክስ ቦርኩሜንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ በ1998 ለሳይንስ ዓለም ተዋውቋል። ይህ ፍጡር ዋና ቀለቡ አልካን የሚባለው የነዳጅ ክፍል ነው፤ ስኳር ቢያቀርቡለት እንኳ አይበላም።

እስከዚህ ድረስ ከባላጋራዎቻችን ጋር አንድ ነን። ነገር ግን «ነዳጅ» ሲባል አንድ ነገር አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ድፍድፍ የብዙ ሺህ ዓይነት ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች መጀመሪያ ይበላሉ፤ ቅርንጫፍ ያላቸው ይከተላሉ፤ ቀለበት የሠሩት ይዘገያሉ፤ ወፍራሙ ሙጫና አስፋልት ግን ሳይነካ ለረጅም ዘመን ይቀመጣል። ባክቴሪያ ሁሉን የሚበላ ቢሆን ኖሮ የመንገዳችን አስፋልት አንድ ክረምት ባልተሻገረ ነበር። (አንድ ክረምት የማይሻገር አስፋልት ቢኖርም ጥፋቱ የባክቴሪያ አይደለም።)

የኦክሲጅን ሥራ

ባክቴሪያ ኦክሲጅንን ለሁለት ሥራ ይፈልገዋል። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው መተንፈስ ነው፤ ከምግቡ የወጣው ኤሌክትሮን የሚያርፍበት ማረፊያ ያስፈልገዋልና። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የነዳጅ ሞለኪውል እንደ ደረቅ ጕቶ ነው፤ ካርቦንና ሃይድሮጅን እርስ በርስ ተቈላልፈው በቀላሉ አይፈለጡም። ባክቴሪያው ኦክሲጅኔዝ በሚባሉ ኤንዛይሞች አማካይነት ኦክሲጅኑን ወስዶ እንደ ሽብልቅ በሞለኪውሉ ላይ ይመታዋል። ያን ጊዜ አልካኑ አልኮል ይሆናል፤ አልኮሉም ውሎ አድሮ ፋቲ አሲድ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ጮማ እንደ መፍጨት ነው። መጨረሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። እንደ ቤንዜን ያሉትም ቀለበቶች የሚሰበሩት በዚሁ መንገድ ነው። (ቤንዜን መኪና ከሚሞላው ቤንዚን ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ራሱን የቻለ አንድ ሞለኪውል ነው፤ በሰው ላይ የደም ካንሰር የሚያመጣም ነው።)

ይህ ሥራ ስንት ኦክሲጅን ይፈጃል? የአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ሒሳቡን ሊሠራው ይችላል። ከአልካን ሰንሰለት አንዱን ቀለበት ብንወስድ፣ ማለትም አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን፣ ክብደቱ 14 ነው፤ እርሱን እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ለማድረስ የሚያስፈልገው ኦክሲጅን 48 ነው። ስለዚህ 1 ግራም ዘይት ወደ 3.4 ግራም ኦክሲጅን ይጠይቃል። በባሕር ጠረፍ ከፍታ 20 ዲግሪ የሚሞቅ ንጹሕ ውሃ አየር ጠግቦ ሳለ በሊትር ወደ 9 ሚሊግራም ኦክሲጅን ብቻ ይይዛል። እንግዲህ 1 ግራም ዘይት ፈጽሞ ለማቃጠል በ380 ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሁሉ ያልቃል ማለት ነው፤ ሁለት በርሜል ሊሞላ ምንም አልቀረው!

በእኛ ከተማ ደግሞ ሒሳቡ ይብሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ ውሃውም የሚይዘው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ለ1 ግራም ዘይት ወደ 500 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። አንድ አነስተኛ መኪና ዘይት ሲቀየርለት 4 ሊትር ያህል ያወርዳል፤ ይህም ወደ 3 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ያን ዘይት ባክቴሪያ ፈጽሞ እንዲያቃጥለው ከተፈለገ ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ውስጥ ያለ ኦክሲጅን ይፈጃል። «ባክቴሪያ ይበላዋል» የሚለው ወዳጃችን ይህን ሒሳብ ሠርቶት ያውቃል?

«ውሃው ኦክሲጅኑ ሲያልቅበት ከአየር ይተካል» ይሉ ይሆናል። አዎን፤ በሚነዋወጥ ባሕርና በሚንደረደር ወንዝ ይተካል። በአፈር ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኦክሲጅን በረጋ ውሃ ውስጥ ሲሰርግ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ወደ 10 ሺህ ጊዜ ያህል ይዘገያል። ደረቅና አሸዋማ አፈር አየር ያስገባል፤ ውሃ የጠጣ ሸክላ አፈር ግን በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ባክቴሪያዎቹ ያለውን ኦክሲጅን ቶሎ ይጨርሱትና ከላይ ሌላ ሳይደርስላቸው ይቀራል። ከላይ ጥሩ እርሻ የሚመስለው መሬት ጥቂት ስንዝር ዝቅ ሲሉ የታፈነ ቤት ነው።

ኦክሲጅን በሌለበትስ?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንዙር። «ኦክሲጅን ከሌለ ምንም አይሠራም፤ መሬቱ ሞቷል» የሚሉም አሉና። እነዚህም ተሳስተዋል፤ ምንም እንኳ ሊቃውንቱ ራሳቸው ለብዙ ዘመን አብዛኛዎቹ እንዲሁ ያምኑ የነበረ ቢሆን።

በ1989 ዴሬክ ላቭሊና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ከፖቶማክ ወንዝ ጭቃ የተገኘ ባክቴሪያ በኦክሲጅን ፈንታ የብረት ዝገትን «እየተነፈሰ» ቶሉዊንን የመሰሉ የነዳጅ ቀለበቶችን እንደሚያፈርስ አሳዩ። በ1991 በጀርመን ፍሪድሪኽ ዊደልና ባልደረቦቹ ሰልፌትን ተጠቅሞ ሄክሳዴኬን በሚባለው አልካን ላይ የሚያድግ ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። በ1999 ደግሞ የተባበሩ ረቂቅ ሕዋሳት ኦክሲጅንም ሰልፌትም በሌለበት ያንኑ ሄክሳዴኬን ወደ ሜቴን ጋዝ እንደሚለውጡት ታወቀ። የኦክሲጅንን ሽብልቅ ያጡ ፍጥረታት ሌላ ሽብልቅ አላቸው፤ ፉማሬት የሚባል ትንሽ ሞለኪውል በነዳጁ ላይ ይለጥፉና መፍለጡን ከዚያ ይጀምራሉ። ይህ የሳይንስ ታላቅ ግኝት ነው፤ እኛም በደስታ እንቀበለዋለን።

ነገር ግን ይህን ግኝት ለስንፍና መሸፈኛ የሚያደርጉትን እንቃወማለን። ባክቴሪያዎች የሚተነፍሱት ነገር ደረጃ አለው። መጀመሪያ ኦክሲጅን ነው፤ እርሱ ሲያልቅ ናይትሬት፤ ቀጥሎ ማንጋኒዝና ብረት፤ ቀጥሎ ሰልፌት፤ በመጨረሻም ሜቴን የሚያወጡት ይመጣሉ። በደረጃው በተወረደ መጠን ከአንድ ጕርሻ የሚገኘው ኃይል እያነሰ ይሄዳል፤ ኃይሉ ያነሰው ሠራተኛም ሥራው ይዘገያል።

ለዚህ ምሳሌ ከቤታችን ሩቅ መሄድ አያሻንም። የጠላ ጋን አፉ ከተመረገ በኋላም በውስጡ ያለው እርሾ ይሠራል። ዳሩ ግን አየር ስላጣ ስኳሩን እስከ መጨረሻው አያቃጥለውም፤ አልኮል አድርጎ ይተወዋል። በስኳሩ ከነበረው ኃይል ብዙው በአልኮሉ ውስጥ ቀርቷል። ከምድር በታች ነዳጁን ወደ ሜቴን የሚለውጡትም እንዲሁ ናቸው፤ ሥራውን ሳይጨርሱ ገና የሚነድ ጋዝ ትተው ይሄዳሉ።

የሚተዉትም ሜቴን ብቻ አይደለም። ሰልፌትን የሚተነፍሱት የገማ እንቁላል የሚሸተውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣሉ። ብረትን የሚተነፍሱት ደግሞ ዝገቱን አሟሙተው ከውሃው ጋር ይደባልቁታል፤ ዝገቱ ይዞት የነበረ አርሴኒክ ካለ እርሱም አብሮ ይለቀቃል። ይህ ግምት አይደለም። በአሜሪካ በሚኔሶታ፣ በቤሚጂ ከተማ አጠገብ ኦገስት 20 ቀን 1979 የነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ ወደ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ሊትር ድፍድፍ ፈሰሰ። ከጽዳቱ በኋላ ወደ 400 ሺህ ሊትር ያህሉ በመሬት ውስጥ ቀረ። የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ከ1983 ጀምሮ ያን ስፍራ ሳይታክት ሲያጠናው ኖሯል። ባክቴሪያዎቹ በእርግጥ ሠርተዋል፤ ቤንዜኑ በከርሰ ምድር ውሃ ሩቅ እንዳይጓዝ ገትተውታል። ነገር ግን ከአፈሩ የተፈጥሮ አርሴኒክ ወደ ውሃው እንዲወጣ አድርገዋል፤ ድፍድፉም ከአርባ ዓመት በኋላ ገና ከዚያው አለ። የባክቴሪያ ሥራ እውነት ነው፤ ነጻ ስጦታ ግን አይደለም።

ሦስት ምስክሮች

ክርክሩ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ሦስት ስፍራዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ባላጋራዎቻችን ዘወትር የሚጠቅሱት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ዲፕወተር ሆራይዘን የተባለው የመቈፈሪያ መድረክ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ድፍድፉም ከ1,500 ሜትር ጥልቀት ለ87 ቀናት ፈሰሰ። ከዘይቱ ከፊሉ ደቃቅ ጠብታ ሆኖ በ1,100 ሜትር ጥልቀት ገደማ እንደ ደመና ተንሳፈፈ። ቴሪ ሄዘንና ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት እንዳስታወቁት፣ ውሃው 5 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ ሆኖ ሳለ ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች በዚያ ደመና ውስጥ እጅግ ተባዝተው ተገኙ። ድንቅ ነው! ግን ለምን ሆነ? ዘይቱ ስለ ደቀቀና ያ ጥልቅ ውሃ ኦክሲጅን ስለ ነበረው ነው። በደመናው ውስጥ ኦክሲጅኑ ቀነሰ እንጂ አላለቀም። በሉዊዚያና ረግረግ ጭቃ ውስጥ የገባው ዘይት ግን ይህን ዕድል አላገኘም፤ ለዓመታት ከዚያው ቈይቷል። ያው ዘይት፣ ያው ባሕረ ሰላጤ፣ ሁለት ዕጣ!

ሁለተኛው አላስካ ነው። ማርች 24 ቀን 1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ከዐለት ተላትማ ወደ 41 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ በፕሪንስ ዊልያም ባሕረ ሰላጤ አፈሰሰች። በጠረፉ ጠጠር ላይ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ ተረጨ፤ የአገሩ ባክቴሪያም ሥራውን አፋጠነ። ብዙዎች ነገሩ አለቀ ብለው ነበር። በ2001 የመንግሥት ተመራማሪዎች ጕድጓድ እየቈፈሩ ሲመለከቱ ግን ከጠጠሩ በታች ዘይቱ ገና ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ። በ2010 ሊና ቡፋዴል የተባሉ ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያስረዱ ጠረፉ ሁለት ድርብ ነው አሉ፤ ከላይ ውሃ የሚያሳልፍ ሽፋን፣ ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን። በታችኛው ኦክሲጅንና ማዳበሪያ አይደርስም። ከላይ የቆመ ሰው ጽዱ ጠረፍ ያያል፤ አካፋ የያዘ ሰው ዘይት ያያል።

ሦስተኛውና እጅግ የሚያሳዝነው በአህጉራችን በናይጄሪያ፣ በኒጀር ወንዝ አፍ ያለው የኦጎኒ አገር ነው። የኦጎኒን ሕዝብ ብሶት ለዓለም ያሰማው ደራሲ ኬን ሳሮ ዊዋ ከስምንት ባልደረቦቹ ጋር በወታደራዊው መንግሥት በኖቬምበር 1995 ተሰቅሏል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2011 ያወጣውን የምርመራ ጽሑፍ ያነበበ ሰው «ባክቴሪያ ይበላዋል» የሚለው ቃል በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርስ ይረዳል። በዚያ ይሠራ የነበረው የሼል ኩባንያ የተበከለውን መሬት ያጸዳ የነበረው የላዩን አፈር አርሶ፣ ከምሮና ማዳበሪያ ጨምሮ የቀረውን ለባክቴሪያ በመተው ነበር። የታሰበው ከሥር ሸክላ አፈር ስላለ ዘይቱ ጠልቆ አይወርድም ተብሎ ነው። መርማሪዎቹ ሲቈፍሩ ምን አገኙ? በ49 ስፍራዎች ዘይቱ 5 ሜትርና ከዚያም በላይ ወርዶ ነበር። ጽዳታቸው ተፈጽሟል ተብለው ከተመዘገቡትና ከተመረመሩት 15 ስፍራዎች 10ሩ ኩባንያውና መንግሥት ራሳቸው ካወጡት ልክ በላይ እንደ ተበከሉ ተገኙ። በ1970 ዘይት በፈሰሰበት በኤጃማ ኤቡቡ ከአርባ ዓመት በኋላም ብክለቱ ከባድ ነበር። ኒሲሲዮኬን ኦጋሌ በተባለው ስፍራ ቤተ ሰቦች ይጠጡት በነበረው የጕድጓድ ውሃ ውስጥ የተገኘው ቤንዜን የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው ልክ ከ900 ጊዜ በላይ ነበር፤ በአቅራቢያውም በከርሰ ምድር ውሃ ላይ 8 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የተጣራ ነዳጅ ተንሳፎ ተገኝቷል።

ልብ በሉ! በዚያ ባክቴሪያ ጠፍቶ አይደለም። ሙቀትም ዝናብም ሞልቷል። ማረሻው የደረሰው ስንዝር ያህል፣ ዘይቱ የደረሰው አምስት ሜትር! ባክቴሪያው ኦክሲጅን ባለበት ዘይት አጣ፤ ዘይት ባለበት ኦክሲጅን አጣ። በመካከሉ የኦጎኒ እናት ከጕድጓዷ መርዝ ቀዳች። ድርጅቱ ጽዳቱ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ እንደሚችል ገመተ፤ በይፋም የተጀመረው ገና በ2016 ነው።

ለተቃዋሚዎቻችን

አንደኛ፤ «ታዲያ መሬቱን ሁሉ ቈፍራችሁ አውጡ ነው የምትሉት?» ይሉናል። አይደለም። ረግረግን በመኪና ከመርገጥ መተው የሚሻልበት ቦታ እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን መተውም ሁለት ዓይነት ነው። በቤሚጂ ትተውታል፤ ግን ኦክሲጅኑን፣ ብረቱን፣ ሜቴኑን፣ ቤንዜኑን ዓመት ከዓመት እየለኩ ነው። ያ ጥበቃ ይባላል። ሳይለኩ መተው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን የሚጠብቀው ድኻው ነው፤ ተስፋውን የሚሰጠው ሌላ ነው።

ሁለተኛ፤ «በላብራቶሪ የተሻሻለ ባክቴሪያ በጠርሙስ ገዝተን እንጨምር» የሚሉ አሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 አናንዳ ቻክራባርቲ ለፈጠረው ዘይት በሊታ ባክቴሪያ የፈጠራ መብት እንዲሰጥ ከፈረደ ወዲህ ይህ ተስፋ ብዙዎችን አጓጕቷል። ነገር ግን በአብዛኛው የተበከለ ስፍራ ዘይት የሚበላ የአገር ባክቴሪያ አስቀድሞ አለ፤ የጎደለው እስትንፋሱና ማዳበሪያው ነው። ድርቆሽ አጥተው በሬዎቹ ለተኙበት ገበሬ ተጨማሪ በሬ መሸጥ ምን ይባላል?

ሦስተኛ፤ «ድኻ አገር ነን፤ መለኪያው ውድ ነው» ይባላል። ይህ ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም። በውሃ ውስጥ ያለ ኦክሲጅን የሚለካበት የዊንክለር ዘዴ የታወቀው በ1888 ነው፤ ቢሮችና ጥቂት ጠርሙስ ያለው ላብራቶሪ ሁሉ ይሠራዋል። ከዚያም በፊት ዶማና አፍንጫ አለ። ሲቈፈር አፈሩ ወደ ግራጫ የተለወጠና የገማ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ኦክሲጅን እንደሌለ ለማወቅ ከባሕር ማዶ ሊቅ ማስመጣት አያስፈልግም።

ወደ ቤታችን

አገራችን የምትጠቀምበት የተጣራ ነዳጅ በአብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ይመጣል፤ በመንገድ ይፈሳል፤ በማደያ ጕድጓድ ይከማቻል፤ በመጨረሻም የሞተሩ ዘይት በጋራዥ ይወርዳል። የጋራዦቻችን ወለል ለምን ጥቍር እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዝናብ ሲመጣም ያ ዘይት ወደ ቦይ፣ ከቦይም ወደ ወንዝ ይሄዳል። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ከሞተሩ የወሰደው ብረታ ብረት አለበት፤ ባክቴሪያ ምንም ያህል ቢራብ እርሳስና ዚንክ በልቶ አያጠፋም።

አፈራችንም አፈር ነው። የአዲስ አበባ ደቡባዊ ሜዳና አካባቢው በብዙው መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ አንዳንዴ ክንድ ያስገባል፤ የፈሰሰ ዘይትም በዚያው ወደ ታች ይወርዳል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይገጥማል፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይዘጋል። ዘይቱን አስገብቶ ኦክሲጅኑን የሚከለክል ወጥመድ ሰው ሆን ብሎ ቢሠራ ከዚህ የተሻለ አይሠራም። ከከተማችን የመጠጥ ውሃ ከፊሉ የሚገኘው በአቃቂ በኩል ከተቈፈሩ ጕድጓዶች መሆኑንም አንርሳ። የኦጎኒን ዕጣ በእኛ ላይ እንተነብያለን ማለት አይደለም፤ «ከሥር ሸክላ አፈር አለ» የሚለው መጽናኛ በዚያ እንዴት እንደ ፈረሰ ግን አይተናል።

የምንጠይቀው

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን እንጠይቃለን።

1ኛ፤ መምህራኖቻችን ስለ ነዳጅ ብክለት ሲያስተምሩ «ባክቴሪያ ይበላዋል» በሚለው አንድ መሥመር እንዳያልፉ፤ «በምን እየተነፈሰ? በምን ፍጥነት? ምን ትቶ?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች እንዲጨምሩ።

2ኛ፤ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሥነ ምድር ተማሪዎች በአንድነት ሆነን በከተማው ወንዞችና በጋራዦች አካባቢ ባለ አፈር ኦክሲጅን፣ ናይትሬት፣ ብረትና ሰልፌት እንድንለካ፤ ውጤቱም በመሳቢያ ተቈልፎ እንዳይቀር በግልጽ እንዲለጠፍ።

3ኛ፤ የተቃጠለ ዘይት ከመፍሰሱ በፊት በበርሜል እንዲሰበሰብ። ከሁሉ ርካሹ ጽዳት ያልፈሰሰ ዘይት ነው። ይህን ለማድረግ ባክቴሪያም ሊቅም አያስፈልግም፤ በርሜልና የሚቈጣጠር ሰው ይበቃል።

4ኛ፤ «ተፈጥሮ ያጸዳዋል» የሚል ማንኛውም ወገን ማስረጃውን ራሱ እንዲያቀርብ። የላዩን ስንዝር አፈር ብቻ ሳይሆን ዘይቱ እስከ ወረደበት ድረስ ቈፍሮ፣ ለክቶ፣ በየዓመቱም ደግሞ ለክቶ ያሳይ። እስከዚያው ድረስ ዕዳው ያፈሰሰው ሰው ነው እንጂ የባክቴሪያው አይደለም።

ወንድሞችና እኅቶች! ባክቴሪያን አንንቅም። በጨለማና በብርድ፣ አየር በታጣበት ጭቃ ውስጥ ሳይቀር የሚሠራ ታታሪ ፍጡር ነው። የምንቃወመው ሰው ያጠፋውን በእርሱ ላይ ጭነው፣ ቀለቡን ሳይሰፍሩለት፣ እስትንፋሱን ዘግተውበት፣ ሥራው ሲዘገይ ዝም ብለው የሚሄዱትን ነው። ከእንግዲህ ወዲህ በክፍልም ይሁን በክበብ «ባክቴሪያ ይበላዋል» የሚል ሰው ሲነሣ ዝም አንበል። በትሕትና አንድ ነገር ብቻ እንጠይቀው፤ «ስንት ሜትር ቈፍረህ፣ ስንት ሚሊግራም ኦክሲጅን አገኘህ?»

መልስ ካለው እንቀመጥና እንማር። መልስ ከሌለው ግን እርሱ ይቀመጥ፤ እኛ ዶማውን እናንሣ።